የአፈር ቅዳሜ

ሚያዝያ ገብቷል፤ ሙርሄድ ግን አልሞቀም፤
ጥግ የያዘው በረዶ ጠቁሮም አልለቀቀም።
በዩኒቨርሲቲው፣ በማኅበረሰብ ትምህርት ቢሮ፣
ሰሌዳው ሞልቷል፣ ወረቀት በወረቀት ላይ ተቸንክሮ፦
«የግብር ፎርም አሞላል፣ ሰኞ ማታ።»
«የፖም ዛፍ አገራረዝ፤ መጋዝ ያለው ይዞ ይምጣ።»
«ኮከብ ማየት፣ ዓርብ ሌሊት፤
ደመና ከሆነ ቀርቷል፤ አትደውሉ በብስጭት።»
ከግርጌ የእኔ ጽሕፈት አለች፣ እንደ ባለቤቷ ተንጋዳ፦
«ቅዳሜ አፈር እንመረምራለን፣ ያለ ክፍያ፤
እፍኝ ይበቃል፤ በንጹሕ ከረጢት፣ በንጹሕ ማንኪያ።»

ሥራዬ ሚዛንና ብዕር፣
ስም መጠየቅ፣ ቁጥር መቁጠር፤
ደግሞ አንዲቷን ባዶ መስመር፣
«ምን ሊዘሩበት ነው?» የምትለዋን፣ ማስሞላት ሳትቀር።

ዲልማያ ቀደመች፣ አፈሯን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፤
«ዱባ» አለች። «አምና አበባ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ አላፈራ።»
ሸርዛድ ቀጠለ፣ ከስኳር ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ
ሳይተኛ የመጣ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ግን የነቃ፤
«ወይን» አለኝ። ክሪስታ፣ የአፈር አስተማሪያችን፣ ሳቋን ዋጠች፤
የሙርሄድን ጥር ታውቀዋለች።
ፎርሙ ግን «አይበቅልም» የሚል ሳጥን የለውም፤
ጻፍኩለት፣ «ወይን»፤ በብዕሬ አልከለከልኩትም።

እኔም የራሴን ይዣለሁ። አራተኛ ፎቅ ነው ቤቴ፤
መስኮት ላይ ያለች አንዲት የቃሪያ ጣሳ ናት ርስቴ።

ወደ ስድስት ሰዓት፣ ሚዛኑን ልጠራርግ ስል፣
ኦርቪል ስቴንሩድ ገቡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ያህል።
ከረጢት የለም፤ ከኪሳቸው የኪኒን ብልቃጥ ወጣ፣
አፈር የሞላ፣ እስከ ክዳኑ የመጣ።
«ይሄ አይሆንም፣ ከረጢት ነው ደንቡ» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ልጣፉን አነበብኩ፦
«አርዲስ ስቴንሩድ። አንድ ፍሬ፣ በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ።»
አፌን ዘጋሁ።

«ምን ሊዘሩበት ነው?»
«ሣር።»
«ለግቢ?»
«አይ። ሁለት ክንድ በአራት።» ባርኔጣቸውን አዞሩት፣ አዞሩት።
«ሦስት ዓመት ዘራሁ። ዙሪያዋ ለምልሞ፣
የሷ ብቻ መላጣውን ቀረ፣ ክረምት ከክረምት ከርሞ።
መንገድ ዳር ነው። አላፊው ያየዋል።
አርዲስ እኮ፣ እንግዳ ባይመጣም፣
ጠረጴዛ ሳታለብስ የማትበላ ሰው ነበረች።»

«ቦታ» የምትል መስመር ላይ ብዕሬ ቆመ።
«መንገድ ዳር» ብዬ ሞላሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ። በፖስታ ነው የምንልከው፤ እሳቸው ግን
ራሳቸው መጥተው፣ «እዚሁ አንብቡልኝ» አሉን።
ክሪስታ በጣቷ መስመሩን ተከተለች፤
«አፈሩ ደህና ነው፣ የጎደለው የለም» አለች።
«ጨው ነው። ክረምት ለበረዶው መንገድ ላይ የሚበተነው፤
መኪና እየረጨው፣ ዓመት በዓመት ሲጠራቀም፣ ሥር የሚያቃጥለው።»
«ጨው» አሉ ኦርቪል።
ቆይተው ደገሙት፦ «ጨው።»

«ማዳበሪያ ልግዛ?»
«አያስፈልግም። ውኃ ብቻ። ቀስ እያሉ፣ ደግመው ደጋግመው፣
ጨው ወደ ታች እስኪወርድ።»
«እስከ የት?»
ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ነበር፤ ክሪስታ አየችው፤ አላነበበችውም።
«ሥር እስከማይደርስበት» አለች።

ሰኔ ላይ የቢሮውን ዕቃ ስንቆጥር አንድ ወንበር ጎደለ፣
የሚታጠፈው፤ ከኮከቡ ሌሊት ወዲህ ያየው የለ።
(ያን ሌሊት ደመና ነበር። ሦስት ሰው መጥቶ ደመናውን አይቶ ሄደ፤
አንደኛው ኦርቪል ነበሩ።)
በማግሥቱ ከአውቶቡስ መስኮት አየሁት፣
ከመቃብሩ አጥር ሥር፣ ጀርባው ላይ ቁጥራችን ተጽፎበት፤
ኦርቪል ተቀምጠውበታል፣ የአበባ ማጠጫ ይዘው፣
ሰው ውድ ሳህን እንደሚያለቀልቅ፣ በዝግታ፣ ጎንበስ ብለው።
ሣር ይኑር አይኑር አላየሁም፤ አውቶቡሱ ፈጠነ።

ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩ፤
«ጠፍቷል» የሚለውን ሰረዝኩ፤
ከጎኑ ጻፍኩ፦ «በሥራ ላይ።»