የባሕር ሁኔታ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ አርባ ሁለት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
የጋሽ ወንድይፍራው በረንዳ ከሩቅ ቢታይ፣
በሲባጎ የታሰረች አንዲት ቴርሞሜትር፣
ከሥሯም መዝገብ፣ ጀርባው የተጠገነ በፕላስተር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሲል፣ ጋቢውን ደርቦ፣
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣
ያነባል።
ይጽፋል።
«አራት ዲግሪ» ይላል ታኅሣሥ ላይ፣ የሚሰማው ሳይኖር።
ሙቀት ሲያነብ ለኖረ ሰው
ብርድ ማንበብ ሌላ ቋንቋ ነው።

ከአሰብ ወደብ ሲወጣ ፍራሽ አልያዘም፤
ያልተጻፈባቸው አራት መዝገቦች እንጂ፣ ሌላ ምንም።
አምስት ዓምድ የታተመባቸው፦
ሙቀት፣ ርጥበት፣ ነፋስ፣ ዝናብ፣
መጨረሻ ላይ፣ «የባሕር ሁኔታ»።
ቃሊቲ በኪራይ፣ ገላን በኪራይ፣ ከዚያም እዚህ ደርሶ፣
በአምስተኛው ዓምድ ሥር ሰረዝ፤ በማግስቱም ሰረዝ መልሶ።

«ልጄ፣» ይለኛል፣ «እዚያ ጥላው ራሱ ያልበዋል፣
ጨው የቤትህን ቆርቆሮ እንደ ምስጥ ይበላዋል፣
ሰኔ ላይ ሰው አልጋውን ተሸክሞ ደጅ ይወጣል፣
አንሶላ በውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ለብሶት ይተኛል፤
ሳይነጋ ይደርቅበታል።
ዝናብ? በዓመት አንዴ፣ ጥር ላይ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ ለአፍታ፤
የጉምሩክ ሹም ሳይቀር ደጅ ይወጣል ለሰላምታ።
ነፋሱ ነው እንጂ! ከደቡብ ሲነሣ፣
ጥርስህ ሥር አሸዋ፣ ጆሮህ ውስጥ አበሳ፣
ሻይህን ከድነህ ትጠጣለህ፤ እንዲያም ሆኖ አይረሳ።»

ባለፈው የብሎኩ ሰዎች ስለ ብርዱ ተሰብስበን፣
ለደረጃው መስኮት የላስቲክ ግርዶሽ አሰብን፤
እሱ ጥግ ተቀምጦ፣ እሱም እንደኛው፣ አሰብን።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ዓርብ። መብራት የለም። ጭቃው ቦቲ ያወልቃል።
ከአቃቂ ሜዳ የተነሣ ጉም ሌሊቱን ሲወጣ አድሮ፣
ማሳውን፣ መንገዱን፣ ያላለቁትን ብሎኮች ቀብሮ፣
ከእግራችን ሥር ቆሟል ሳይነቃነቅ፣
ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ዳር የሌለው፣ ጥልቅ።
የአንድ ክሬን አንገት ብቻ ይታያል።

ውኃ ልቀዳ ስወርድ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢ አልለበሰም፤
በሸሚዝ ቆሟል፣ እጅጌውን ሰብስቦ።
«ነይ እስኪ» አለኝ፣ ዓሣ እንዳይበረግግበት ያህል ቀስ ብሎ።
ከጉሙ ሆድ የታክሲ ረዳት ድምፅ ይመጣል፤
«ቱሉ ዲምቱ! ቃሊቲ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
መኪናው የለም።

እስክሪብቶውን በትንፋሹ አሞቀ።
ሙቀት፦ ዘጠኝ። ነፋስ፦ የለም። ዝናብ፦ ካፊያ፣ ሌሊት።
አምስተኛው ዓምድ ላይ ሰረዙን ጀመረ፤ እጁ ቆመበት።
ከዚያ ጻፈ፣ በወደብ ጸሐፊ ቀጥ ያለ ፊደል፦
«ጸጥ ያለ። ዕይታ ሃምሳ ሜትር። መርከቦች ይጠብቁ።»
ፈረመበትም።

እኔ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ደረጃውን ወረድኩ፤
እስከ ጉልበቴ፣
እስከ ወገቤ፣
አንገቴ ጋ ሲደርስ ሳላስበው
ትንፋሼን ያዝኩ።