ገጽ ሰባ አንድ

ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፣ ካፖርቱ ዝናብ ጠግቦ፣
ከሱቄ ደጃፍ ይቆማል ጃንጥላውን ሰብስቦ።
ዊልፍሬድ አስኪው ነው ስሙ፣ የኢሊ ከተማ ጡረተኛ፣
አርባ ዓመት ባቡር ያሳለፈ፣ የሐዲድ ምልክት ዘበኛ።

«መጣ ወይ?» ይለኛል፤ ሰላምታም አይቀድመው፤
«የትኛው?» አልለውም፤ አንድ ነው የሚጠማው፦
የዚያ ፈላስፋ ትምህርት፣ በመጀመሪያው እትም፣
አረንጓዴ ጨርቅ ለባሹ። ሁለተኛዋን አይነካትም።
ዋጋ አይከራከርም። ከቢስኩት ጣሳው ዘርግፎ
ይቆጥርልኛል ፓውንዱን፣ አንዱን ካንዱ በምራቁ ገፎ።

እኔ መጽሐፍ ሻጭ ነኝ፤ የሰብሳቢን አመል አውቃለሁ፤
አንዲት የተሳተች ፊደል ቤት ኪራይ ስትከፍል አይቻለሁ።
ሰው በስህተቱ ይዋረዳል፣
መጽሐፍ በስህተቱ ይወደዳል።

የዚህኛው ግን ስህተትም አይደለ።
ገጽ ሰባ አንድ፣ ግርጌው ላይ፣ ደብተር የያዘች ተማሪ፣
ከመምህሯ አፍ የወደቀውን ሁሉ ለቅማ አዳሪ፣
በቅንፍ ውስጥ አኑራለች፦
«እዚህ ላይ ዝም አለ፤ ባቡር እስኪያልፍ ጠበቀ።»
አራሚው በሁለተኛው እትም ያቺን መስመር ፋቀ፤
«ለሐሳቡ» አለ፣ «ምን ትረዳለች?»

አከራዩ ሚስስ ትሪግ ደግሞ ትዝታዋን ባሳተመች ጊዜ
(ሦስት መቶ ቅጂ ብቻ)
ቀኑን ጽፋው ተገኘች፦ ማክሰኞ፣ ውርጭና ትካዜ።
«ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ፤ ሲመለስ ግን ፈገግ ብሎ፣
‹ዛሬስ የተሻለ መምህር አለፈ፣ ድንጋይ ከሰሉን አግተልትሎ።›»

አንድ ሐሙስ ዊልፍሬድ ከቦርሳው አወጣ
ቆዳው የተላጠ መዝገብ፣ የማማውን ጢስ የጠጣ።
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ጣት፣ በእርሳስ የተጻፈ፦
«ማክሰኞ። ዐሥር ሰዓት ከዐሥራ ሁለት። የጭነት፣ ስልሳ ፉርጎ። አለፈ።»

«እጀታውን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ አረንጓዴውን ያበራሁት፣
ያን ታላቅ ሰው በሕይወቴ አንዴ ዝም ያሰኘሁት።
ዐሥራ አንድ ቅጂ አለኝ፣ ከአልጋዬ ራስጌ፣ በስተቀኝ፤
እንቅልፍ እንቢ ሲል አንዱን እገልጣለሁ» አለኝ።

«ሌላውንስ አነበብከው?» ብለው ጆሮውን አከከ፤
«ሞከርኩ። ከሦስተኛው ገጽ ላይ አእምሮዬ ተንበረከከ።»

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው እትም ገባ፤ ንጹሕ፣ ርካሽ፣ የታረመ።
በነጻ ሰጠሁት። ሰባ አንድን ገለጠ። ቆመ።
ጆሮውን ወደ ወረቀቱ አዘንብሎ ቆየ፣ ጥቂት፣
መልሶ አስቀመጠልኝ ከመደርደሪያው ፊት፦

«አይ» አለ።
«በዚህኛው ሐዲዱ ባዶ ነው።
ሰውየው ዝም ብሎ ያወራል።»