ተሸካሚ

ቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ ሽቅብ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
ሱቄ ተለጥፋለች፣ የቆርቆሮ ግድግዳዋ በጉም ሲረጥብ።
ሠላሳ ዓመት ወረቀት አባዛሁ፦ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቀብር ማስታወቂያ፣
የጠፋች ድመት ምስል፣ የጀልባ ጨረታ፣ የመርከበኛ መታወቂያ።
ኤርሞሄነስ ነው ስሜ። ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ መልስ ነበረኝ፦
«ኮምፒውተሬ ሊኑክስ ነው፤ ቫይረስ የት አግኝቶኝ!»

ሐሙስ ማታ ያች ልጅ መጣች፣ የባሕር ሣር የምታጠና፣
ዓይኗ ደም መስሎ፣ ሳታንኳኳ ገባችና
«ትናንት እዚህ አሳትሜ፣ ፍላሼን ቤቴ ስከፍተው
ፎልደሮቼ የሉም፤ አቋራጭ ምልክት ብቻ ነው ያለው፤
የሁለት ዓመት ሥራዬን ማን ነው የበላው?»
ማልኩ። ደግሜ ማልኩ። «ከኔ አይደለም!» ብዬ በሩን አሳየኋት።
ወጣች፤ ጃንጥላዋን ረስታ፤ ዝናቡ ተቀበላት።

የእህቴ ልጅ ያስና ጓዳ ነበረች፣ ቶነር ስትሞላ፤
ጣቷን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች፤ ተናገረች በኋላ፦
«አጎቴ፣ በሽታ ያልጣለው ሁሉ ጤነኛ ማለት አይደለም፤
ሳትታመም ለስንቱ እንደምታቀብል አታውቅም።»
ወንበሩን ሳበች። ከኋላዋ ቆምኩ፣ እጄን አጣምሬ፤
«ጫኚው እንግዲህ፤ ምንም አታገኚም በኮምፒውተሬ!»

በጥቁሩ መስኮት ትእዛዝ ጻፈች፤ የይለፍ ቃል ጠየቃት።
(ሲጽፉት የማይታይ ቃል ያስፈራኛል፤ ኮከብ እንኳ አይወጣበት።)
ጸረ-ቫይረሱስ ተጫነ። ፍተሻው ግን እምቢ አለ፤
«የበሽታ መዝገብ የለኝም፤ ምኑን ልለይ?» እያለ።
መዝገቡን ላድስ ብትል፣ «ተቆልፏል» አላት፤
ለካስ ሌላ አዳሽ ከጀርባ ተነሥቶ ይዞባት፤
ሁለት ዘበኛ ባንድ ቁልፍ ሲጓተቱ ማለት፤
አንዱን አስቀመጠችው፣ ሌላው ሮጦ አመጣላት።
መቶኛው ይቆጠራል፦ ሰባት... አሥራ ዘጠኝ... አርባ...
በመስኮቱ በኩል የዳገቱ ባቡር ወርዶ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ገባ።

ከዚያ አገልግሎቱን ቀሰቀሰችው። ተነሣ፤ ወዲያው ሞተ።
ደግማ ቀሰቀሰችው። ሞተ።
ሦስተኛ። ሞተ።
ሳቄ አመለጠኝ፦ «ማሽኔ ባዕድ አይወድም፤ ተፋው!»
እሷ ግን የማሽኑን ማስታወሻ ገልጣ፣ መስመር በመስመር ስታነበው፣
«አልተፋውም፣ ራበው» አለች፤ «ሜሞሪህ አንድ ጊጋ ብቻ ነው፤
ሲጨንቀው፣ ብዙ የሚበላውን መርጦ ራሱ ገደለው።»
ከዲስኩ ሁለት ጊጋ ቆርሳ ለሜሞሪው አበደረች፤
«ቀስ ይላል፣ ግን አይሞትም» ብላ አራተኛ ቀሰቀሰች።

ቆመ።

መርዝ የሌላት የመሞከሪያ ፋይል ጣለችለት፤
ያዛት። «ዓይን አለው። በል ሰዎች የረሱትን ፍላሽ አምጣ፣ ላስገባለት።»
የብስኩት ጣሳዬን ገለበጥኩ። አሥራ አንድ። አንዱ ንጹሕ፣
ሁለተኛው ንጹሕ፣ ዶሮ የሚመስለውም ንጹሕ፤
ሁሉም! ጠረጴዛውን መታሁ፦ «አላልኩሽም? ንጹሕ!»
ያስና ዝም ብላ አንገቴን አየች።

ሰማያዊው ፍላሼ፣ ከቁልፌ ጋር በክር የታሰረው፣
የሽፋን ናሙና ለየተማሪው የምገለብጥበት፣ ማንም ያልጠረጠረው።
አውልቄ ሰጠኋት። ሰካችው።
ቀይ መስመር። ሌላ ቀይ። አርባ ሰባት።
ከናሙናው ጎን ተደብቆ፣ የገባበት ቀን ተጽፎበት፦
አራት ዓመት።
ስንቱን «ይቅናችሁ» ብዬ ሸኘሁ፣
ከነጥራዙ፣ ከነምርቃቴ፣ በሽታ እያስያዝኩ!

«ፋይሎቿ አልተበሉም» አለች ያስና፣ «ሸሽጓቸው ነው፤
ፍላሿን ታምጣ፣ እናወጣቸዋለን፤ የሚናገራት ሰው ብቻ ነው የጠፋው።»

ሲነጋ፣ መስታወቱ ላይ «እዚህ ቫይረስ የለም» የሚለውን ገነጠልኩ፤
ጃንጥላዋን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ።
እየወረድኩ እለማመዳለሁ፦ «ከኔ ነው»፤ ሁለት ቃል ናት፤
መቶ አርባ ደረጃ ወርጄም አልጨረስኳት።