ቅጽል

ኅዳር፣ ታምፔሬ፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት
መስኮቱ ጠቁሯል፣ ክፍሉ ውስጥ መብራት።
መምህሯ ራይሊ ጻፈች፦ «ኢልሜቶን»፤
ፊት ሆኖ ምንም የማይነበብበትን።

«በሉ» አለች፣ «በዓረፍተ ነገር አስገቡት።»
እኔ ጎረቤቴን፣ ቬይኮን አስገባሁት፤
ደረጃው ላይ ሲያልፈኝ ከንፈሩ የማይላወስ፣
«ሰላም» ስለው ቃሌ ግድግዳ ገጭቶ የሚመለስ።

ተራው የሩላ ሆነ፣ የሐለቧ።
ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፦
«የጥላዬ ፊት ኢልሜቶን ነው።»
ክፍሉ ሳቀ።
እኔም የሳቅሁ መስሎኝ ነበር፤
ጥቁሩ መስኮት ላይ ራሴን አየሁት፤
አልሳቅሁም።

ማክሰኞ የወንድሜን መርዶ በስልክ ሰምቼ
ረቡዕ ግሥ ሳረባ ውያለሁ፣ እዚሁ መጥቼ።
ማን ምን አየብኝ?

እኛ ዘንድ ይህ ፊት ሌላ ስም አለው፤
እናቴ ለሰው ሁሉ፣ ደረቷን ነፍታ፣
«የኔ ልጅ እኮ ጭምት ነው» የምትለው።

የቬይኮን ዓረፍተ ነገር ከደብተሬ ፈለግሁ፤
ቅጽሉን ሰርዤ በራሴ ፊደል፣ በእርሳስ፣
«ጭምት» ብዬ ተካሁ።

ራይሊ መጣች። ጎንበስ አለች። ቆየች።
«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»
«ቅጽል ነው» አልኳት።
ፊቷ ምንም አላለኝም።