የስህተት ልክ

የመብራት ቢል ጀርባ ላይ፣ በልጄ እርሳስ ጫፍ፣
ሌሊት ነደፍኳት፣ እንቅልፍ ሲያልፍ በደጃፍ።
የማርሽ መርገጫ ናት፣ ለግራ እግሬ እንድትሆን፤
ፋብሪካው የት አውቆ የኔን ቁርጭምጭሚት፣ የኔን?
መጋዘን ውስጥ ሳጥን ከወደቀበት ወዲህ
ጣቴ ወደ ላይ አይልም፤ ተረከዜ ነው ለዚህ።
እናም አንዷን ክንድ ወደ ኋላ አስረዘምኳት፣
ጫፏን እንደ ማንኪያ ጎድጎድ አደረግኳት።
አሮጌ ናት ሞተሬ፣ ከበኩር ልጄ ትበልጣለች፤
ጠዋት ጠዋት ታስላለች፣ ከዚያ ትነሣለች።

ወረቀቷን አራት አጥፌ ከተትኳት በኪሴ፤
ቂርያት ጋት ዳርቻ፣ ግሪሻ ቶርኖ ቤት ደረስኩ በራሴ።
ግሪሻ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
አያት፣ አዞራት፣ ገለበጣት፣
የመብራቱን ሂሳብ አነበበ።
«ብዙ ታበራላችሁ» አለኝ።
ከዚያም፦ «ይህ ሥዕል ነው። ማሽኔ ሥዕል አያይም።
ፋይል አምጣልኝ።»

ፋይል! እኔ የማውቀው ፋይል
በየቢሮው መደርደሪያ በካርቶን የሚውል፣
ቁጥር ይዤ ተራ ስጠብቅለት የኖርኩት፣
«ጠፍቷል፣ ነገ ና» ሲሉኝ ነገ የሄድኩት።

የነጀምበሬ ልጅ ኦርታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣
ምሕንድስና ነው ቤርሼባ ተመላልሳ የምትማረው።
አንኳኳሁ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።
አንተ ትለኛለች፤ ዕብራይስጧ እርስዎ አያውቅም።
«ይሄ ስንት ነው?» «ሁለት ጣት።» «የማን ጣት?»
አሳየኋት። ሳቀች፤ ጣቴን በካሊፐር ለካች።
«ቀዳዳውስ?» «ብሎኑ የሚገባበት ያህል።»
«ብሎኑስ?»
«ያው… የብሎን ያህል።»
ባትሪ ይዛ ጓሮ ወረደች፣ በነጭ ሱሪዋ
ዘይቱ ላይ ተንበረከከች።
በዕብራይስጥ ትቆጥራለች፣ በአማርኛ ትደነግጣለች፤
ጥርሱ ያለቀ ብሎን ስታይ «ወይኔ!» ትላለች።

ከዚያ ስክሪኑ ውስጥ መስመሬ ተነሣ፤
ጠፍጣፋው ወፈረ፣ ጎን አወጣ፣ ጥላ አነሣ።
በአንድ ጣቷ ስታሽከረክራት ጀርባዋን አየሁት።
እኔ እኮ ጀርባ አልሣልኩላትም!
«ፊቷን በትክክል ከነገርከኝ
ጀርባዋ ይታወቃል» አለች፣ ቀና ሳትል።

እርሳስ አንሸራቶኝ የነበረችውንም ጉብጠት
እንደ ሐሳብ ቆጥራ አሳምራ ሠርታታለች።
«ይቺ ስህተት ናት፣ እጄ ነው» አልኳት አፍሬ።
«ላጥፋት?»
አየናት ሁለታችን።
«ተያት።»

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ ዓይኑ ነበር ልኩ።
ማረሻው አልገጥም ሲል መዶሻ፤ መዶሻው ሲታክት
«ገበሬው ይልመደው» ይል ነበር።

«ስህተት ስንት ትችላለህ?» ስትለኝ ግራ ገባኝ።
ብረት ሲቆረጥ መቼም ልኩ አይመጣም፤
ይህን ያህል ቢያልፍ፣ ይህን ያህል ቢጎድል
ግድ የለም የሚባል ልክ አለው። ይጻፋል።
በዕብራይስጥ ስሙ የትዕግሥት ዘመድ ነው።
ተከራክረን ተከራክረን
በፀጉር ውፍረት ተስማማን።

እኔን ሲመዘግቡኝ የተከራከረ አልነበረም።
ጸሐፊዋ ቁመቴን አየች፣ ጥርሴን አየች፣
«የመጀመሪያው ወር፣ አንደኛው ቀን» ብላ ማኅተም መታች።
እናቴ ባቄላው ሲያብብ ነው ትላለች።
ሁለት ዓመት አልፎኛል ወይ ሦስት ጎድሎኛል፤
ጡረታዬ በዚያው ይቆጠራል።

በንድፉ ጥግ ሠንጠረዥ አለ፤ ስም፣ ቀን።
«የነደፈው ማን ይባል?» «አንቺ ነሻ!» «አይሆንም።»
ፈረደ ቢያድግልኝ ብላ ጻፈች፣
ስሜን ፊደል በፊደል እየጠየቀች።
ቀኑንም፤ ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ።
ገና ሳትቆረጥ፣ ገና ሳትበሳ
የተወለደችበት ታወቀ፣ የዚች ቁራጭ አሉሚኒየም።

ግሪሻ በሳምንቱ ሰጠኝ፣ እንደ አዲስ ሳንቲም ታበራለች።
ጓሮ ወስጄ ብገጥማት
እምቢ አለች።
የፀጉር ውፍረት አይደለም፤ የጥፍር ነው።
ዘንጉ ላይ የነበረውን ዝገት አብረን ለክተነዋል።
በሩን ዘግቼ ሞረድ አወጣሁ፤
ሦስት ጊዜ ሞረድኳት፣ አንዴ በመዶሻ ቸብ።
ገባች።

በተረከዜ ረገጥኳት፤ ቀጭ አለች፣ አንደኛ ማርሽ።
ኦርታል ከሰገነቷ «ልክ ነው?» ብላ ጮኸች።
«ልክ ነው!»
ሞረዱን ኪሴ ውስጥ ይዤ።