የወተት ዝናብ

ኦርቪል ክሬንሾ ወጣት ሳለ፣ ዝናብ ነበረ ሥራው፣
መሰላል ላይ ተሰቅሎ፣ በቱቦ የሚያወርደው።
በጥቁርና ነጭ ፊልም ውሃ ብቻውን አልታይ ቢለው
ባልዲ ሙሉ ወተት በርሜሉ ውስጥ ገለበጠው።

ተዋናይዋ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ወተት ከሽፋሽፍቷ እየወረደ፣
«በቃኝ!» አለች፤
ድርሰቱ ላይ የለም። አገር አብሯት አነባ፣ ወደደ።

ዛሬ በርባንክ ጠሩት፣ ፊልሙን ሊደግሙት፤
«አማካሪ» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ለጠፉለት።
ቱቦ የለ፣ መሰላል የለ፤ ከጣሪያ እስከ ወለል አረንጓዴ ጨርቅ፣
ዝናቡን ኋላ ኮምፒውተር ያዘንበዋል፤ ልጅቷ ቆማለች በደረቅ።
«በቃኝ» ትላለች ዘጠኝ ጊዜ፣ ቃሉ አንድም ሳይዛነፍ፣
ኦርቪል ከወንበሩ ያያል፤ ግማሽ ዓይኑ እንቅልፍ።

በምሳ ሰዓት መጣች፤ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፣
«ያኔ... እውነት በርዷት ነበር?» ብላ ጠየቀች።
መልስ አልሰጣትም፤ ጣቱን ከቀዝቃዛ ወተቱ ነክሮ
አንዲት ጠብታ ማጅራቷ ላይ ጣለ፣ ልክ እንደ ድሮ።

ዘለለች! ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ሄደ፣
ዳይሬክተሩ ከማዶ «ይሄው! ይሄው!» እያለ አበደ፤
«ድገሚው!»

ደገመችው። ደግማ ደገመችው።
ድግምትና ድጋሚ ወንድማማች ናቸው፤ ማጅራት የሚያውቀው ግን አንዱን ነው።

ኦርቪል የተረፈችውን ወተት ጨለጣት፤
ጺሙ ላይ የቀረችውን ነጭ፣ ማንም አልቀረጻት።