ሄዶ የሚመለስ ክር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐዋሳ፣ ከታቦር ሥር ካለው ትምህርት ቤት፣
ከዘበኛው ቁልፍ ለምኜ ሰባተኛ «ለ»ን ስከፍት፣
አሥራ አንድ ልጆች ገቡ፣ ስምንት መቀስ ይዘው፤
አንዱ ጋ መርፌ የለ፣ አንዷ ጋ መርፌው ዝጎ ነው።
ጥቅሉን አወጣሁት፦ ግራጫ፣ ሻካራ ክር፣
ሲነኩት እንደ ድመት ጢም የሚቆረቁር።
«ይህ ክር» አልኩ «መብራት ያሳልፋል፤»
ዱካሌ ከኋላ «ታዲያ አይነዝርም፣ ቲቸር?» ይላል።
ሳንቲም የምታክል ባትሪ መዳፉ ላይ አኖርኩለት፤
ጠበቀ። ምንም። ቅር ሳይለው አልቀረም መሰለኝ በሰላማዊነቷ ብዛት።

የአምፖሏ ሁለት እግር አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር፤
ረጅሙ ከመደመር ይሂድ፣ አጭሩ ከመቀነስ ይዋል ይደር።
በፒንሳ ጠምዝዙት፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ዓይን፣
ሦስቴ አጥብቃችሁ ስፉት፤ ስፌት ሲላላ ይከዳል ብርሃን።
ሁለቱ መንገድ አይገናኙ፤ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች
በየአጥራቸው ይለፉ፤ ከተነካኩ ባትሪዋ አለቀች፣
ትግላለች፣ ትሞታለች። የአንዷ ዋጋ የሁለት ቀን የባጃጅ ሒሳቤ ነው፤
ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ብዬ ገዛሁ፤ በእግሬ መጣሁ፤ ይኸው።

እኔ እዚያ ማዶ፣ ፓርኩ ውስጥ፣ መስመር አራት፣ ወንበር ዘጠኝ፣
አራት ዓመት ኮሌታ ብቻ ሰፋሁ፤ እጅጌው አይመለከተኝ፣
ደረቱ አይመለከተኝ። ሙሉ ሸሚዝ ለብሶ ያየሁት ሰው
እኔ የነካሁት ይሁን አይሁን፣ በምን ልለየው?
ክሩ ከእጄ ይሄድ ነበር፤ ሄደ፣ በካርቶን ታሽጎ ባሕር ተሻገረ፤
አንድም ቀን ዞሮ መጥቶ «ደረስኩ» ያለኝ አልነበረ።
ለዚህ ይሆናል ሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፍኩት፦
ሄዶ ያልተመለሰ ክር አያበራም። ልጆቹ እንደ ጥቅስ ገለበጡት።

ምንታምር አባ ኮዳን ጠለፈች፣ ራሰ በራውን፤
ዓይኑ ቀይ ይበራል፣ የሰረቀው ዓሣ ወጥሮት አንገቱን።
ፋንታዬ ባጃጅ ሠራ፣ የፊት መብራቱ አንድ ዓይና፤
«ትራፊክ ይይዝሃል» ሲሉት «በሌሊት አልወጣም» አለና
ጎማውን ቀጠለ። ዱካሌ ሾርት አደረገ፤ ፈታ፤ ደግሞ አደረገ፤ ደግሞ ፈታ፤
መርፌውን ጥሎ ወጣ፤ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰ፣ በዝምታ።
ርዕሰ መምህሩ በመስኮት «ይሄ ለፈተና ይመጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ፤
«አይመጣም» አልኩ። ትንሽ ቆሙ። «እስቲ ባጃጁን አብሪው» አሉኝ።

ሀሜሶ ግን የአንሶላ ቅዳጅ ላይ ሐይቁን በሰማያዊ ሞላው፤
አንድ ጀልባ፣ አንድ ፋኖስ፤ ሰው የለበትም፣ መቅዘፊያው ብቻ ተጋድሞ ነው።
መስመሩን በጣቴ ተከተልኩ፦ መሄጃው ጥብቅ፣ ቀጥ ያለ፤
መመለሻው ከባትሪው ጣት ሲቀረው ቆሟል፣ እንደደከመው፣ ዝም እንዳለ።
«እዚህ ጋ ስፌት ዘለልክ» አልኩት።
«አልዘለልኩም» አለ፣ ቀና ሳይል።
«አባቴ እስከዚህ ነው የመጣው።»

ከመቀስ በቀር የሚሰማ ነገር የለም፤
ምላሴ ኮሌታ ብቻ እንደለመደ እጅ ነው፣ ሌላ ስፌት አያውቅም።
ቆይቼ ከቦርሳዬ ጠቅ የሚል የብረት ቁልፍ አወጣሁ፣ ወንድና ሴት፤
«ክፍተቱን አትድፈነው» አልኩ፤ «ግን ዳርና ዳር ይህን ስፋበት።»
ሰፋ። ጠቅ አደረገው፦ ፋኖሱ በራ።
ለቀቀ፦ ጠፋ። ጠቅ። ለቀቀ። ፊቱ ላይ ምንም አላነበብኩም፤ እጁ ብቻ ሠራ።
«እናቴ ጋ ይቀመጣል» አለ፤ «እሷ ስትፈልግ ትዝጋው፤
እኔ ክፍት ነው የምፈልገው።»

ሲመሽ ቁልፉን ለዘበኛው መለስኩለት።
«መብራት እኮ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሄዷል» አለኝ፤ «ሳታውቂ?»
አላወቅንም ነበር።
ከፊቴ፣ በጨለማው፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣
አንድ ፋኖስ ጠቅ ሲል፣ ሲጠፋ፣ ጠቅ ሲል፣ ሲሄድ።